"ነገ ኦፍ የለሽም!" የዕረፍት ቀን በድንገት ሲቀየር ምን ይደረጋል?

ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሥራ ቦታው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አጭር መልእክት ይገባል፤ "ነገ ኦፍ የነበራችሁ ትገባላችሁ፣ ሰው ጎድሎብናል።" የሆቴሏ አስተናጋጅ ለእሑድ የቤተሰብ ቀጠሮ ይዛለች። የሱፐርማርኬቷ ካሸር የእድር ስብሰባ አለባት። የጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት አድሮ ሊተኛ ነበር። ግማሹ "እሺ" ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው ስልኩን ያጠፋል፣ የቀረው በማግሥቱ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ይጨቃጨቃል።

ሦስቱም አያዋጡም። "እሺ" ያለው የሚገባውን ክፍያና ምትክ ቀን ሳይጠይቅ ወር ያልፋል። ስልኩን ያጠፋው የቀሪነት ደብዳቤ ይጠብቀዋል። የተጨቃጨቀውም ቢሆን እውነት ይዞ ማስረጃ የለውም።

በኢትዮጵያ ይህን ጉዳይ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ አሠሪው የዕረፍት ቀን ፈጽሞ አይነካም አይልም፤ ያለ በቂ ምክንያት አይነካም፣ ከተነካም በገንዘብም በቀንም ይካካሳል ነው የሚለው። ዝም ያለበት ነገርም አለ። ለውጡ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ቀድሞ መነገር እንዳለበት ቁጥር አላስቀመጠም። የቅዳሜ ማታው መልእክት የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱን መዝጋት የሚችሉት ደግሞ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብና የቅጥር ውል ናቸው።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በግል ድርጅቶችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለተቀጠሩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው አዋጅ ነው። የሥራ መሪዎችና በሰው ቤት የተቀጠሩ የቤት ሠራተኞችም ከአዋጅ 1156 ወሰን ውጭ ናቸው።

1. የተነካው የትኛው ዕረፍት እንደሆነ ይለዩ

ሁሉም የዕረፍት ቀን እኩል ጥበቃ የለውም። ክርክር ከመጀመርዎ በፊት የተወሰደብዎት ቀን ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

የሳምንት ዕረፍት። በአዋጁ አንቀጽ 69 መሠረት ማንኛውም ሠራተኛ በየሰባት ቀኑ ከ24 ሰዓት ያላነሰ የማይቆራረጥ ዕረፍት ያገኛል። በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሌላ ካልተወሰነ ዕረፍቱ በተቻለ መጠን እሑድ ላይ ይውላል። እንደ ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ትራንስፖርት፣ መብራትና ውኃ ባሉ ሥራዎች ግን ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል። ብዙዎች የማያስተውሉት የሰዓት አቆጣጠሩን ነው። የዕረፍቱ ጊዜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግሥቱ ጠዋት 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንዲያካትት ሕጉ ያዛል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ገብቶ ያደረ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ተረካቢው ስለዘገየ እሑድ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቢቆይ፣ የቆየባቸው ሦስት ሰዓታት የተወሰዱት ከዕረፍት ቀኑ ላይ ነው።

የሕዝብ በዓል። በዓል የሚከፈልበት ዕረፍት ነው። በዓል ላይ የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል። በዓሉ ከሌላ በዓል ወይም ከሳምንት ዕረፍት ጋር ቢገጥም የበዓል ክፍያው አንድ ብቻ ነው።

የዓመት ዕረፍት ፈቃድ። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ መጥራት የሚቻለው አስቀድሞ ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥምና በሥራው ላይ መገኘቱ የግድ ሲሆን ብቻ ነው። የተጠራው ሠራተኛ ለቀረው ፈቃዱ ክፍያ ያገኛል። ከዚህም ሌላ በመጠራቱ ምክንያት ያወጣውን የትራንስፖርት ወጪና የውሎ አበል አሠሪው ይሸፍናል። ደሴ ለእህቱ ሠርግ የሄደ ቴክኒሻን አዲስ አበባ ማሽን ተበላሸ ተብሎ ቢጠራ የአውቶቡሱን ቲኬት ከኪሱ መክፈል የለበትም።

ድርጅቱ በውል የጨመረው ቀን። አንዳንድ ቢሮዎች ቅዳሜንም እሑድንም ይዘጋሉ። ሕጉ በሳምንት የሚያስገድደው አንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛውን ቀን የሚጠብቀው የቅጥር ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ነው። ቅዳሜዎ ከተነካ መጀመሪያ የሚከፍቱት ወረቀት ውሉ ይሁን።

2. ምክንያቱን በትሕትና፣ ግን በቀጥታ ይጠይቁ

አንቀጽ 71 በሳምንት የዕረፍት ቀን ሠራተኛን ማሠራት የሚቻለው የድርጅቱ መደበኛ ሥራ በከባድ ሁኔታ እንዳይሰናከል አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ለዚህም ሦስት ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ ወይም አስቸኳይ ሥራ ሲኖር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። በሥራ ቦታ በብዛት የሚሰማው ምክንያት "እንትና ቀርታለችና ግቢላት" የሚለው ነው። የቀረን ሠራተኛ መተካት በአንቀጽ 67፣ ስለ ትርፍ ሰዓት በሚናገረው ዝርዝር ውስጥ ተጠቅሷል፤ እሱም የማያቋርጥ ተከታታይ ሥራ ላይ ለተመደበ ሰው ነው። ስለ ዕረፍት ቀን በሚናገረው በአንቀጽ 71 ዝርዝር ውስጥ ግን በስም የለም። የሰው መጉደል ብቻውን በቂ ምክንያት እንዲሆን አሠሪው መቅረቱ ምን አስቸኳይ ሥራ እንደፈጠረ ማሳየት ይኖርበታል። በድንገተኛ ክፍል ሌሊት ተረኛ ነርስ ብትታመም ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ልብስ መሸጫ ውስጥ አንድ ሰው ሲጎድል ግን ያስቸግራል።

አስቀድሞ የታወቀ ነገርም "አስቸኳይ" ሊባል አይገባውም። ጥር 11 ጥምቀት እንደሚሆን፣ መስከረም 17 መስቀል እንደሚከበር ሆቴሉ ከዓመት በፊት ያውቃል። የፋሲካ ዋዜማ ገበያም ሱፐርማርኬቱን ድንገት አይደርስበትም። ለእነዚህ ቀናት ተጨማሪ ሰው ማዘጋጀት የዕቅድ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ጎርፍ መጋዘን ውስጥ ቢገባ፣ ቦይለር ቢፈነዳ ወይም የእሳት አደጋ ቢያሰጋ የሠራተኛው መምጣት ሕጋዊ ግዴታው ነው። አዋጁ በአደጋ ጊዜ ሕይወትንና ንብረትን ለማትረፍ እንዲረዳ ያዘዋል።

አጠያየቁም ይታሰብበት። "ለምን ሁልጊዜ እኔ?" ከሚለው ይልቅ "ምን አስቸኳይ ነገር ገጠመ? እኔስ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው የምፈለገው?" የሚለው መልስ ያስገኛል። ብዙ ጊዜ ሙሉ ቀን ተብሎ የተጠየቀው ሥራ በአራት ሰዓት የሚያልቅ ሆኖ ይገኛል።

3. ትእዛዙን ወረቀት ላይ ያሳርፉ

ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ እንደሆነ አንቀጽ 66 ይደነግጋል፤ ትእዛዙንና በተግባር የተሠራውን ሰዓትም አሠሪው እንዲመዘግብ ያስገድዳል። በተጨማሪም አሠሪው እያንዳንዱ ሠራተኛ የወሰዳቸውን የሳምንት ዕረፍቶች፣ በዓላትና ፈቃዶች የሚያሳይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ስለዚህ "የእኔን ኦፍ መዝገብ ማየት እችላለሁ?" ብሎ መጠየቅ እንደ ክስ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ሕጉ ራሱ ይኑር ያለውን መዝገብ ነው የጠየቁት።

በተግባር ትእዛዙ የሚመጣው በስልክ ወይም በቃል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተባለውን መልሰው በጽሑፍ ይላኩ። የሚከተለው ዓይነት መልእክት በቂ ነው፤

"ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፤ ዛሬ ማታ በስልክ በነገሩኝ መሠረት ነገ እሑድ የሳምንት ዕረፍቴ ቢሆንም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እገባለሁ። በምትኩ የማርፍበትን ቀን ቢያሳውቁኝ። አመሰግናለሁ።"

መልእክቱ አጭር፣ ጨዋ፣ ቀንና ሰዓት ያለው ነው። ኃላፊዋ "እሺ" ብላ ብትመልስ ትእዛዙ ተረጋገጠ። ምንም ባትመልስም መልእክቱ በሰዓቱ መላኩ ይታያል። የቴሌግራሙንም ሆነ የተለጠፈውን የፈረቃ ፕሮግራም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ይጠፋል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፕሮግራምም ሰኞ ጠዋት በአዲስ ተተክቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ሲገቡና ሲወጡም በመቆጣጠሪያው ላይ መፈረምዎን ወይም አሻራ መስጠትዎን አይርሱ።

4. ምትክ ቀኑን ከመግባትዎ በፊት ይቁረጡ

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው። በዕረፍት ቀኑ የሠራ ሰው ድርብ ክፍያም ማካካሻ ዕረፍትም ያገኛል። አንቀጽ 71 ማካካሻውን የሚሰጠው በአንቀጽ 68 የተደነገገው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደተጠበቀ ሆኖ ነው። "ገንዘቡን ከፍለንሃል፣ ሌላ ቀን አትጠይቅ" ወይም "ሌላ ቀን ሰጥተንሃል፣ ገንዘብ የለም" የሚሉት ሁለቱም አነጋገሮች ከሕጉ ግማሹን የጣሉ ናቸው። ማካካሻውን ሳያገኝ የሥራ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛም ቀኑ በገንዘብ ተተምኖ ይከፈለዋል።

አንዳንድ ኃላፊዎች "አላሠራንህም፣ ቀኑን ነው ያዛወርነው" ይላሉ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። የሥራ ደንቡ የዕረፍት ቀን በዙር እንዲቀያየር የሚፈቅድ ከሆነና ፕሮግራሙ አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነ፣ አዲሱ ቀን የሠራተኛው የዕረፍት ቀን ሆኗል፤ ድርብ ክፍያ መጠየቅ ያስቸግራል። ነገር ግን የወጣ ፕሮግራም ላይ እሑድ ኦፍ ተብሎ የተጻፈለትን ሰው ቅዳሜ ማታ ጠርቶ "ተዛውሯል" ማለት በዕረፍት ቀን ከማሠራት የሚለየው በስም ብቻ ነው። ሠራተኛው ክርክሩን የሚያነሣው በተለጠፈው ፕሮግራምና በሥራ ደንቡ ላይ ተመሥርቶ ይሁን።

ሌላው የሚያሳስተው ቅያሬ እንዲህ ነው። ዕረፍቷ ዘወትር እሑድ የሆነ ካሸር አለች እንበል። ኃላፊዋ "በዚህ ሳምንት ሰኞ እረፊና እሑድ ግቢ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እሑድሽ ትመለሻለሽ" ይላታል። ወረቀቱ ላይ በየሳምንቱ አንድ ኦፍ አለ። ሲቆጠር ግን ከማክሰኞ እስከ እሑድ ስድስት ቀን፣ ከዚያ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሌላ ስድስት ቀን ይሆናል፤ አሥራ ሁለት ቀን በተከታታይ። ሕጉ ዕረፍቱ በየሰባት ቀኑ እንዲገኝ ያለው እንዲህ ያለውን ድካም ለመከላከል ነው። ቅያሬ ሲቀርብልዎ ቀኖቹን በጣትዎ ይቁጠሩ፤ ከስድስት የሥራ ቀን በላይ ከተከታተለ በመሐል አንድ ቀን እንዲገባ ይጠይቁ።

5. ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩ

ፔይሮል የሚሠራው ሰው እሑድ መግባትዎን ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የሚጠብቁትን ብር አስቀድመው ይወቁ።

የወር ደመወዟ 9,360 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በተለመደው ስሌት 26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት ይሆናል። 9,360 ለ208 ሲካፈል የሰዓት ደመወዟ 45 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ማባዛት ብቻ ነው፤

በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፤ በሰዓት 67 ብር ከ50።

ከማታው 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75፤ በሰዓት 78 ብር ከ75።

በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፤ በሰዓት 90 ብር። ስምንት ሰዓት ከሠራች 720 ብር።

በሕዝብ በዓል የተሠራ ትርፍ ሰዓት ከሆነ በ2.5፤ በሰዓት 112 ብር ከ50።

720 ብሩ የሚከፈላት ከመደበኛ የወር ደመወዟ በተጨማሪ ነው፤ የሥራ ግብርም ይቀነስበታል። የሚከፈለውም በደመወዝ ቀን ነው። በወር ሁለት እሑድ የገባች ሠራተኛ 1,440 ብር ታጣለች ወይም ታገኛለች፤ ልዩነቱ ፔይስሊፑን በማንበቧ ላይ ነው።

ቀደም ባለው አዋጅ 377/1996 መሠረት የተሠራ የቆየ የሥራ ደንብ አሁንም በአንዳንድ ድርጅቶች አለ። በዚያ አዋጅ የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.25፣ የሌሊቱ ደግሞ በ1.5 ነበር የሚባዛው። የድርጅትዎ ደንብ እነዚህን ቁጥሮች ከያዘ ጊዜው አልፎበታል። የትርፍ ሰዓት ጣሪያውም ተቀይሯል። ዛሬ በአስቸኳይ ሥራ ምክንያት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

6. መግባት ካልቻሉ ዝም ብለው አይቅሩ

የአሠሪው ምክንያት በአንቀጽ 71 ከተዘረዘሩት ሦስቱ ውስጥ ካልሆነ፣ ወይም እርስዎ በእውነት መግባት የማይችሉ ከሆነ፣ እምቢ ማለት ይቻላል። አደገኛው እምቢታው አይደለም፤ ያለ ቃል መጥፋት ነው። በአዋጁ መሠረት በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል። የጠፋበት ቀን ዕረፍቱ እንደነበረ በኋላ ማስረዳት የሚችለው መልስ የሰጠ ሰው ነው።

መልሱ ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ፣ ቀኑ የዕረፍት ቀን እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ለምን እንደማይመቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ ሦስተኛ፣ አማራጭ። "ነገ የሳምንት ዕረፍቴ ነው፤ የማታ ትምህርቴ ፈተና ስላለብኝ ሙሉ ቀን አልችልም፤ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን መግባት እችላለሁ" ወይም "ከእገሌ ጋር ተነጋግረናል፣ እሱ ይገባልኛል፣ እኔ ሐሙስ እሸፍንለታለሁ" የሚል ሰው ችግሩን የኃላፊው ብቻ አላደረገውም። ከባልደረባ ጋር የተደረገ ቅያሬ ግን ኃላፊው ሳያውቀውና ሳያጸድቀው አይደረግ፤ የተስማማው ጓደኛ ቢቀር ተጠያቂው በፕሮግራሙ ላይ ስሙ ያለው ነው።

አንዳንዱ ምክንያት ራሱን የቻለ መብት አለው። የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ሠራተኛው ከደመወዝ ጋር የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ አለው፤ ሲያገባም እንዲሁ። ልቅሶ ላይ ያለን ሰው "ኦፍህን ተው" ማለት ቀርቶ የሥራ ቀኑም ይለቀቅለታል። ነፍሰ ጡር ሴትን ደግሞ በሌሊት ወይም በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው።

ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት እንደማይሆንም አዋጁ በግልጽ ያስቀምጣል። አቤቱታ ስላቀረበ ወይም በአሠሪው ላይ ክስ ስለመሠረተ የተባረረ ሰው ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው።

7. ልማድ ከሆነ ወደ ላይ ይሂዱ

አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ንግግር ይበቃዋል። በየሳምንቱ ከሆነ ግን ማስታወሻ ይያዙ። በአንድ ደብተር ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፤ ቀኑ፣ መቼ እንደተነገረዎት፣ ማን እንደነገረዎት፣ ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ክፍያና ምትክ ቀን ማግኘት አለማግኘትዎ። ሦስት ወር የተያዘ እንዲህ ያለ ደብተር ከረጅም እሮሮ የበለጠ ጉልበት አለው።

መጀመሪያ ደብተሩን ይዘው ለሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂው ላይ የደረሰበት ቀንና ፊርማ ይኑር። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ቀጥሎ እዚያ ይሂዱ። ከሌለም ማኅበር ለማቋቋም አዋጁ የሚጠይቀው አሥር ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው በር በአካባቢዎ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ድርጅቱ ድረስ ሄደው መዝገብ የማየት ሥልጣን አላቸው። የመጨረሻው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የሥራ ሰዓት፣ የደመወዝና የዕረፍት ጉዳዮች እዚያ ይታያሉ፤ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፣ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል።

ቀኑ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ጥቅምት ላይ መከፈል የነበረበትን የእሑድ ገንዘብ ሰኔ ላይ መጠየቅ ዘግይቷል።

ኃላፊ ለሆኑ አንባቢዎች

ሱፐርቫይዘሩም ከላይ ትእዛዝ፣ ከታች ቅሬታ ይዞ መሐል ላይ የቆመ ሰው ነው። ጭቅጭቁን የሚቀንሱለት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ፕሮግራሙን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይለጥፉ። ሰው ሲጎድል ከማዘዝዎ በፊት ፈቃደኛ ይጠይቁ፤ ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ በተለይ ክፍያው እንደማይጠፋ ካወቀ። የሚጠሩት ሰው በተራ ይሁን፤ ላጤ ስለሆነ ወይም ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይጠራ። በዚያው መልእክት ላይ ምክንያቱን፣ ሰዓቱንና ምትክ ቀኑን አብረው ይጻፉ፤ "ነገ ከ1 እስከ 9 ሰዓት ትገቢያለሽ፣ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ዕቃ ማውጣት አለብን፣ ረቡዕ ታርፊያለሽ፣ የዕረፍት ቀን ክፍያ ለፔይሮል አሳውቄያለሁ።" ይህን ያነበበች ሠራተኛ የምትጠይቀው ነገር አይቀራትም።

ከአገር ውጭ ላሉ

የኢትዮጵያ ሕግ የተወው የማስታወቂያ ጊዜ በአንዳንድ ቦታዎች በቁጥር ተቀምጧል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ 500 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ትልልቅ የችርቻሮና የምግብ ድርጅቶች የሥራ ፕሮግራሙን ከ14 ቀን በፊት ማሳወቅ አለባቸው። ከዚያ በኋላ የተጨመረ ፈረቃን ሠራተኛው እምቢ ማለት ይችላል፤ ከተቀበለ ደግሞ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል። ሰዓት ከተቀነሰበት ካልሠራው ሰዓት የግማሹ ይከፈለዋል። ኦሪገን ተመሳሳይ ሕግ በክፍለ ግዛት ደረጃ በማውጣት የመጀመሪያዋ ናት። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ትርፍ ሰዓት እንዲከፈል ከማዘዝ አልፎ ለአዋቂ ሠራተኛ የፈረቃ ለውጥ ማስታወቂያ አያስገድድም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ከተማ በሆቴል ወይም በፓርኪንግ የሚሠራ ሰው የሚመካው በማኅበሩ ውል ነው።

በእስራኤል የሳምንቱ ዕረፍት ቢያንስ 36 ሰዓት እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ሕግ ይደነግጋል። በቀጠር እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ከ24 ሰዓት ያላነሰ የሚከፈልበት የሳምንት ዕረፍት ይሰጣል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግም በዕረፍት ቀኗ የሠራች የቤት ሠራተኛ ምትክ ቀን ወይም ገንዘብ እንድታገኝ ያዛል። ዘመድዎ ወደዚያ ከመሄዷ በፊት የምትፈርመው ውል ላይ የዕረፍት ቀኑ በስም መጻፉን አብረው ይመልከቱ።

አገር ቤት የቀረው ክፍተት ግን በአንድ መስመር ይዘጋል። ማኅበራችሁ በቀጣዩ የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ "የሳምንት ዕረፍት ለውጥ ከአደጋ በስተቀር ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይነገራል" የሚል አንቀጽ ያቅርብ። ማኅበር ከሌላችሁ የሥራ ደንቡ ሲሻሻል ይህንኑ ሐሳብ በጽሑፍ አስገቡ፤ የሰዓቱን ቁጥር ከድርጅቱ ሥራ ጋር እንዲስማማ አድርጋችሁ ተደራደሩበት።